የጨርቅ የሰዓት ማሰሪያ በቤት ውስጥ ሲያጥር፦ የቱ መቀስ ይችላል፣ የቱ ይበላሻል

የጨርቅ የሰዓት ማሰሪያ ሲገመገም አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ቀለሙና ስለ ልስላሴው ነው። የእጅ አንጓው ቀጭን ለሆነ ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ማሰሪያው ሲቆረጥ ጫፉ ይጸናል ወይስ ይተረተራል? አብዛኛው የጨርቅ ማሰሪያ ረዘም ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ማሳጠር የማይቀበል ከሆነ ምንም ያህል ቢያምር ለቀጭን እጅ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የተነሱት ማሰሪያዎች ሁሉ የተመዘኑት በዚሁ ነው፦ መቀስ፣ እሳትና መርፌ ሲነካቸው እንዴት እንደሚሆኑ።

ማሰሪያው ረዘመብኝ የሚል ሰው ከሦስት ችግሮች አንዱ አለበት። ወይ ሰዓቱ እጁ ላይ ልክ ሆኖ ከዘለበቱ ያለፈው ትርፍ ይንጠለጠላል፤ ወይ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ታስሮም ሰዓቱ ይሽከረከራል፤ ወይ ደግሞ ጥብቀቱ ደህና ሆኖ ዘለበቱ ከአንጓው ሥር መሃል ላይ ሳይውል ወደ ጎን ይሸሻል። ጫፍ መቁረጥ የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለሁለተኛው አዲስ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሦስተኛው በዘለበቱ በኩል ካልተነካ አይስተካከልም። ብዙ ጥሩ ማሰሪያ የሚበላሸው ይህ ሳይለይ መቀስ ስለሚነሳ ነው፤ ጫፉ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ሰዓቱ ያው እንደበፊቱ ይሽከረከራል።

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ናቶ የሚባለው አንድ ወጥ የናይለን ማሰሪያ ነው። ምንጩ የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው መስፈርት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግራጫ፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 280 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ነበር። አንዱ ርዝመት ለቀጭኑም ለወፍራሙም እጅ እንዲበቃ የታሰበ በመሆኑ፣ የተረፈው ወደ ኋላ ታጥፎ በብረት ቀለበቶቹ ውስጥ ይገባል። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ ከ260 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። አንጓው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 28 ሴንቲ ሜትሩን ሲያስረው፣ ዙሪያው የጨርቁን ውፍረት ጨምሮ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስድና 12 ያህሉ ከዘለበቱ ባሻገር ይቀራል። በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ አልፎ ተስተካክሎ ለመቀመጥ የሚበቃው ግን 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀሪው 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ነው ሥራ የሚያመጣው።

ይህን ትርፍ ማጠፍ ምንም አያስወጣም፣ ማሰሪያውንም አይነካም። ችግሩ ውፍረት ነው። ጥሩ ናይለን ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ሲታጠፍ በቀለበቱ ሥር ሦስት ድርብ ይሆንና የሸሚዝ እጅጌ ይይዘዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፉም ይቆረቁራል። ለስለስ ያለ ማሰሪያ እጥፉን ይዞ ይቀመጣል፤ ደረቁ ደግሞ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ከቀለበቱ ይወጣል። ደረቅ ማሰሪያ ላይ ማጠፉን ትቶ መቁረጥ ይሻላል።

የናይለኑ ጥራት የሚታወቀው ከሽመናው ነው። ማሰሪያውን ወደ ብርሃን አንስተው ይመልከቱ። እንደ መኪና ቀበቶ በቀጫጭን ክሮች ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነው ብርሃን አያሳልፍም፣ ጎኑ ሲታሽም አይጎፍርም። ይህ ዓይነቱ ሲቆረጥና እሳት ሲነካው ክሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ጠርዝ ይሆናሉ። ሻካራና ሳሳ ያለው ሽመና ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይቀልጥና በመካከሉ ክፍተት ይቀራል፤ ለሁለት ሳምንት ደህና መስሎ ይቆይና ከዚያ ጫፉ ይፈታል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ማሰሪያ ደግሞ ገና ሙቀት ሲጠጋው ይኮማተራል። በእኔ ሚዛን፣ ከተሸመኑት ናይለኖች ለማሳጠር የሚመቸው ጥቅጥቅ ያለው ነው፤ ሳሳ ያለውን ለቀጭን እጅ አልመክርም።

ከመለካት በፊት አዲሱን ማሰሪያ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት። ናይለን ውኃ ሲጠጣ በመጠኑ ይለጠጣል፣ ጥጥ ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተለካ ማሰሪያ ኋላ ልኩ ይለወጣል። ልኩን ምሽት ላይ፣ እጅ ከቀኑ ሙቀት በኋላ በመጠኑ አበጥ ሲል መውሰድ ነው። ጠዋት በብርድ የተለካው ከሰዓት በኋላ ያንቃል።

ሰዓቱን በሚመችዎ ቀዳዳ ላይ ይሰሩትና ትርፉን ሳያጥፉ በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ ያሳልፉት። ከመጨረሻው ቀለበት ባሻገር ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይተዉና ምልክት ያድርጉ፤ ለጥቁር ማሰሪያ ሳሙና ወይም ጠመኔ፣ ለነጣ ያለው እርሳስ ይሆናል። አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ ይመልከቱ። ከሚጠቀሙበት ቀዳዳ ወደ ጫፉ በኩል ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀዳዳ መቅረት አለበት፤ እጅ ያብጣል፣ ሰዓትም አንዳንዴ ከእጅጌ በላይ ይታሰራል። መቁረጫው መስመር ቀዳዳ ላይ ወይም ከቀዳዳው ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ሳይርቅ ካረፈ ወደ ጫፉ በኩል ያሽሹት። ቀዳዳው አንዴ በሙቀት የደነደነ ስለሆነ፣ አጠገቡ እንደገና እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል።

በመጀመሪያው ቁርጥ ላይ ሁሉንም አይውሰዱ። ከምልክቱ 2 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው ይቁረጡና የወደቀውን ቁራጭ መለማመጃ ያድርጉት። ከቁራጩ አንድ ክር መዝዘው በወረንጦ ይያዙና እሳት ያስነኩት፤ ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሆነ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። እንደ ወረቀት እየሸተተ ነዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ስለማይቀልጥ ከዚህ በታች ያለው የእሳት ሥራ ለእሱ አይሆንም። አሻሻጮች ሸራ እያሉ የሚጠሩት አንዳንዱ ጥጥ፣ አንዳንዱ ፖሊስተር ስለሆነ ይህ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ አይዘለል።

ለቁርጡ ትልቅና ስለታም መቀስ ያስፈልጋል። የደነዘዘ መቀስ ናይለኑን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ክሮቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ እሳቱ እኩል አያትማቸውም። ምልክቱ ላይ ፕላስተር ጠቅልለው በፕላስተሩ ላይ ይቁረጡ፣ ክሩ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ለክብ ጫፍ ስፋቱ ከማሰሪያው ጋር የሚቀራረብ ሳንቲም አስቀምጠው በዙሪያው ያስምሩ። ለሾጣጣው ደግሞ ወረቀት ለሁለት አጥፈው ልኩን ያውጡ፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። በጣም የሾለ ጫፍ ሲቀልጥ ጠንክሮ ቆዳ ይወጋልና ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ያድርጉት። ወደ እሳት ከመሄድ በፊት ፕላስተሩ ይነሳ፣ ሰዓቱም ከማሰሪያው ይውጣ። ሙቀት የሰዓቱን የጎማ ማሸጊያ ይጎዳል።

የላይተሩ ነበልባል ታችኛው ሰማያዊ ክፍል ንጹሕ ነው፣ ቢጫው ጥላሸት ይተዋል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ማሰሪያ ላይ ጥላሸት ከገባ አይለቅም። ጫፉን ነበልባሉ ውስጥ አያስገቡት። ከሰማያዊው ክፍል በጎን በኩል ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያስጠጉና ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሳይቆሙ ይሂዱበት። መጀመሪያ ጎፍረው የነበሩት ጥቃቅን ክሮች ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ቀጥሎ ጠርዙ እርጥብ መስሎ ያብለጨልጫል። በዚህ ቅጽበት እሳቱ ይራቅ። አንድ ሰከንድ ከተጨመረ የቀለጠው ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ከማሰሪያው የወፈረ ጉብታ ይሠራል፤ ያ ጉብታ በቀለበቱ አያልፍም፣ ቢያልፍም እጅ ይፍቃል። ናይለን እንደ ዓይነቱ በ220 ወይም በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ ከመኮማተር እስከ መቅለጥ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ሁለቱንም ፊት በየተራ ያሙቁ፤ አንዱ ብቻ ከሞቀ ጫፉ ወደዚያው ይቆለመማል።

ገና ለስላሳ ሳለ በማንኪያ ጀርባ ወይም በሌላ ልሙጥ ብረት ጠርዙን ጠፍጠፍ ያድርጉት። በጣት በፍጹም አይንኩት። የቀለጠ ናይለን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ ላላቅቅህ ቢሉትም ቆዳውን ይዞ ይመጣል። መስኮት ይከፈት፣ ጭሱም አይሽተት። ከቀዘቀዘ በኋላ ጉብታ ከቀረ በምላጭ ይላጩትና በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ጠርዙን በጥፍር ሲፍቁት ክር ከወጣ መቅለጡ ከላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቆርጦ መድገም ነው። ሱፐር ግሉ በላዩ ላይ መቀባት የብዙ ሰው አቋራጭ ቢሆንም አልወደውም። ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ጫፉ በታጠፈ ቁጥር እየተሰባበረ ይረግፋል።

ሰዓቱ በመጨረሻው ቀዳዳም የሚሽከረከር ከሆነ፣ አዲሱ ቀዳዳ ከነባሮቹ ጋር በእኩል ርቀት መውጣት አለበት። ብዙ ማሰሪያ ላይ ከመሃል እስከ መሃል 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግን የራሱን ማሰሪያ መለካት ነው። የ20 ሚሊ ሜትር ማሰሪያ ከሆነ ከየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር ላይ መሃሉን ያግኙ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስት እንኳ ማሰሪያው በዘለበቱ ውስጥ ጠምሞ ይቀመጣል፣ አንዱ ጎኑ ቶሎ ያልቃል። የቆዳ መብሻ እዚህ አይሠራም። ክሩን ቆርጦ ይጥለዋልና ቀዳዳው በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል። የሚሻለው ሹል ወስፌ በፒንሳ ይዞ ማሞቅና ክሮቹን ወደ ጎን እየገፉ ማስገባት ነው፤ ክሩ ሳይበጠስ ዙሪያው ብቻ ይቀልጣል። ወስፌው ቀይ እስኪሆን አይሙቅ፣ ጨርቁን አቃጥሎ ቡናማ ክብ ይተዋል። ከእሳቱ ካወጡት በኋላ ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ ፈጥነው ጠርገው ከውጭው ፊት ወደ ውስጥ ያስገቡና እያዞሩ ያውጡት፤ ካልዞረ ቀልጦ የደረቀው ይይዘዋል። የቀዳዳው ስፋት የዘለበቱን ምላስ ከማሳለፍ ጥቂት ብቻ ይብለጥ፣ 2 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ይበቃል። ሙቀቱ የሚስተካከል ሶልደሪንግ አይረን (በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የብየዳ ብረት) ያለው ሰው ከ280 እስከ 300 ዲግሪ አድርጎ በአሮጌ ጫፍ ቢሠራ ከወስፌው የጠራ ቀዳዳ ያገኛል። ከጀርባ በኩል የወጣውን ፍራፊ በምላጭ ማንሳት አይረሳ፤ ቆዳ የሚነካው እሱ ነው።

ዘለበቱ ወደ ጎን ለሚሸሽበት፣ ናቶ ላይ ከመስፋት የቀለለ መንገድ አለ። ከሰዓቱ ሥር የሚያልፈው ሁለተኛው አጭር ክፍል ሰዓቱን በአንድ ቦታ የሚገድብ ነው። እሱን ከዘለበቱ አጠገብ፣ ዋናው ስፌት ሳይነካ በምላጭ ቆርጦ ጠርዙን ማተም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ በማሰሪያው ላይ ወደፈለጉት ቦታ ይንሸራተታል፣ ዘለበቱም አንጓ ሥር መሃል ላይ ይውላል። ሰዓቱም ከቆዳው በአንድ ድርብ ዝቅ ይላል፤ ለቀጭን እጅ ይህ ከሚጠበቀው በላይ ለውጥ ያመጣል። ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር ከሚያገናኙት ሁለት ፒኖች አንዱ ቢሰበር ሰዓቱ በሌላው ተንጠልጥሎ የመቅረቱ ጥቅም አይጠፋም። የሚቀረው ነገር፣ ማሰሪያው ሲፈታ ሰዓቱ ሊንሸራተት መቻሉ ነው። ከመቁረጥ በፊት ግን ስፌቱን አገላብጠው ይዩ። የሁለቱ ክፍሎች መገናኛ በስፌት ፈንታ በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ ምላጩ ዋናውን ክፍል ሊነካ ስለሚችል መተው ይሻላል።

ሁለት ቁራጭ የሆነው ሸራ ማሰሪያ ሌላ ባሕርይ አለው። የተለመደው ልኩ ለዘለበቱ ክፍል 75 ሚሊ ሜትር፣ ለባለቀዳዳው 115 ወይም 120 ነው። ባለቀዳዳው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን የተሰፋ ስለሆነ ከተቆረጠ ስፌቱ ሁሉ ይፈታል፤ የሚነካው ፒኑ የሚገባበት ጫፍ ነው። ስፌቱን ከጀርባ በኩል ሦስት ሦስት ጥልፍ እየዘለሉ በምላጭ ይቁረጡና ክሩን ከፊት ይሳቡት፣ ጨርቁ አይጎዳም። የፈለጉትን ያህል ቆርጠው እንደገና ሲያጥፉት፣ እጥፉ ውስጥ ራሱን ፒኑን ወይም ከእሱ ትንሽ የወፈረ ሚስማር አስገብተው ይለኩ። ፒኑ 1.5 ወይም 1.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 2.5 ያህል ይበቃዋል። ከጠበበ ፒኑ አይገባም፣ ከሰፋ ደግሞ ማሰሪያው በሰዓቱ ጆሮዎች፣ ማለትም ፒኑን በሚይዙት ወጣ ያሉ ጫፎች መካከል ይወዛወዛል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብ ይበሰብሳል። ጥልፉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሰፋ፣ ሁለት ረድፍ ይሁን፣ ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው 3 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ወፍራም ሸራ መርፌ አላሳልፍ ካለ ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ በወስፌ መብሳት ነው። መጨረሻ ላይ ክሩ ሦስት ጥልፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆረጥና ጫፉ በላይተር ይታተም። ሥራው አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ውጤቱ ግን ከፋብሪካው አይለይም። ውስጡ ስፖንጅ ያለበትና ከጀርባው ቆዳ የተለጠፈበት ሸራ ግን እጥፉ ስለሚወፍር ይህን አይቀበልም፤ እሱን አጭር ልክ ፈልጎ መግዛት ይሻላል።

ከጨርቆቹ ሁሉ ለማሳጠር የማያስቸግረው ፐርሎን ነው። ተጎንጉኖ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳ የለውም፤ የዘለበቱ ምላስ በፈለገው ቦታ ይገባል፣ ስለዚህ የመሽከርከር ችግር የለበትም። ጫፉ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ጉንጉኑ ከናይለን ሽመና ይልቅ ቶሎ ስለሚፈታ ግን ከመቁረጥ በፊት ፕላስተሩ በደንብ ጠብቆ ይጠቅለል፣ ከተቆረጠም በኋላ ጠርዙ ሳይነካካ ወዲያው ይታተም። ሙቀት ጎኖቹን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ጫፉ ከቀረው ማሰሪያ ጠበብ ይላል፤ በዘለበቱ ለማሳለፍ እንዲያውም ይመቻል።

ላስቲክ ያለው ማሰሪያ ላይ እሳት አይሞከር። ውስጡ ያለው የላስቲክ ክር ወደ ኋላ ሸሽቶ ይገባና ጫፉ ይሸበሸባል። መንጠቆው ያለበትን ስፌት ፈትቶ፣ ጨርቁ ሳይለጠጥ አጥፎ መልሶ መስፋት ነው፤ ሳይሳብ ሲለካ ከአንጓው ዙሪያ በጥቂቱ ማነስ አለበት፣ አለዚያ አይጨብጥም።

ቬልክሮ ደግሞ ሲቆረጥ የሚጠፋው ጫፉ ላይ ያለው ሻካራው ክፍል ነው። በብዙዎቹ ላይ እሱ ለብቻው የተሰፋ ቁራጭ ስለሆነ፣ ስፌቱን ፈትቶ ማንሳት፣ ከሥሩ ያለውን ማሰሪያ መቁረጥና ሻካራውን መልሶ መስፋት ይቻላል። ሲታሰር ሻካራውና ለስላሳው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር መደራረብ አለባቸው፤ ከዚያ ካነሰ እጅ በታጠፈ ቁጥር ከጫፉ እየተላቀቀ ይሄዳል።